እኩል አራሻችን የድሮውን እርከን ላፍርሰው እያለ ነው፤ ምን ልበለው?

የካሉዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው ደሴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የቤተሰባችን መሬት ግን ካሉ ወረዳ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ። ሁለት ጥማድ ያህል ይሆናል። አባቴ ካለፈ ወዲህ ደብተሩ በእናቴ ስም ነው። እሷ አርሳ ማሳረስ ስለማትችል ለጎረቤታችን በእኩል ሰጥታዋለች። ጤፍ፣ ማሽላ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ማሾ ይዘራበታል።

ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። እናቴ የታመመች ለት ከሰው ጋር ተሸክሞ መኪና መንገድ ያደረሳት እሱ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ማንም በሱ ላይ ክፉ እንዳይናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሳው ላይ የድንጋይ እርከኖች አሉ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በደርግ ጊዜ የተሠሩ ናቸው። እናቴ ራሷ ድንጋይ ተሸክማ፣ ስንዴና ዘይት ተሰፍሮላት የሠራችው ነው። አሁን ሰውየው «አንድ ሁለቱን ላፍርሳቸው» እያለ ነው። ምክንያቱን ሲናገር ውሸት የለበትም። አንደኛ፣ አይጥ ድንጋዩ ውስጥ ይራባል፤ ማሽላው ሲደርስ ቀድሞ የሚበላው አይጥ ነው። ሁለተኛ፣ እርከኑ መሬት ይዟል። ሦስተኛ፣ በሬ ለማዞር አይመችም።

እኔ ደግሞ ለማየት ሄድኩ። ከላይኛው እርከን ጀርባ ያለውን አፈር በእናቴ ምርኩዝ ወጋሁት። ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ምርኩዙ እስከ ግማሹ ድረስ ሰተት ብሎ ገባ። ማሳው መሃል ላይ ስሞክረው ግን ስንዝር እንኳ ሳይገባ ጠጠር ነካ። ቀለሙም ቀይ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው እርከኑን ማፍረስ የፈለገበት አራተኛ ምክንያት የገባኝ መሰለኝ።

ዝናቡም እንደምታውቁት ነው። ይዘገያል፣ ሲመጣ ባንዴ ይወርዳል፣ ማሽላው ዘለላ ሲያወጣ ደግሞ ጥሎት ይሄዳል። እናቴ ከዚህ መሬት ሌላ የምትበላበት የላትም። የኔ ሱቅ ለሁለታችን አይበቃም።

ወንድሜ ከውጭ ሆኖ በስልክ «የሚያርሰው እሱ ነው፣ እሱ ያለውን አድርጉ» ይለኛል። እናቴ «ይፍረስ» ሲባል ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ግን አላማረኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ይፍረስ ወይስ አይፍረስ?

---

ሐይቅ ማዶ

ወ ዓለይኩም ሰላም እህታለም። ተሁለደሬ ነኝ።

እርከን ማፍረስ ብርቅ አይደለም፤ አባቶቻችንም ያደርጉታል። አባቴ ዓመት ቆጥሮ አንዱን እርከን ያነሳና አፈሩን ይበትነዋል። ግን አንድ ነገር አለ። አዲሱን ሳይሠራ አሮጌውን አይነካም። መጀመሪያ በሁለቱ አሮጌ እርከኖች መሃል አዲስ ይክባል፤ እሱ አንድ ክረምት ውሃ ችሎ ካሳየ በኋላ አሮጌውን ያፈርሳል። ድንጋዩም ለሚቀጥለው ይሆናል። አፈሩ ለማሳው ሁሉ ይዳረሳል።

ስለዚህ እኔ ይፍረስ ባይ ነኝ፤ ግን በተራ። ሰውየውን «አዲሱን መቼ ትክባለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ቀን ከነገረሽ የልቡን ነው። «እናያለን» ካለ ግን አትፍቀጂለት።

---

የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

እህቴ፣ ካሉና ደሴ ዙሪያ በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ግን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

ሰውየው ያየው ነገር ትክክል ነው። በምርኩዝ የወጋሽው አፈር የማሳችሁ ምርጡ አፈር ነው። ዓመት ዓመት ከላይ እየታጠበ የወረደው ደለል፣ ፍጉ፣ የተበተነው ማዳበሪያ ሳይቀር እዚያ ነው ያረፈው። እሱን በትኖ ጤፍ ቢዘራበት የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ያምራል። ሁለተኛውም ሊያምር ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን አፈሩን የሚይዘው የለም። አዝመራውን እናትሽና እሱ እኩል ይካፈላሉ፤ ጎርፍ ቆፍሮት የሚሄደው ቦረቦር ግን ለእናትሽ ብቻ ይቀራል። እኔ ጉዳዩን የማየው ከዚህ አንጻር ነው። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በየዓመቱ በቃል በሚታደስ ውል የሚያርስ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እንዲያስብ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ ነው።

የአፈሩን መጠን በምታውቂው ነገር ልንገርሽ። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢታጠብ 100 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው፤ ሲመዘን ከ100 ቶን በላይ ነው። አንድ ጥማድን የሄክታር ሩብ ብንል፣ 25 ሜትር ኩብ። ደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ሽቅብ የሚያቃስተውን ሲኖትራክ ታውቂዋለሽ አይደል? አንድ ሲኖ ሙሉ ከነግማሹ። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማሳው ላይ ቆመሽ ብታዪው የጎደለ መኖሩን እንኳ አታውቂም።

የሚሄደው ደግሞ ቀስ በቀስ ብቻ አይደለም። የዓመቱ አፈር አብዛኛው በጥቂት ከባድ ዝናቦች ነው የሚጠረገው፤ በተለይ መሬቱ ለጤፍ ልሞ፣ ቡቃያው ገና ሳይሸፍነው። ማይባርን ሰምተሽ ይሆናል፤ ከደሴ ብዙም አይርቅም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አቋቁመው ነበር። በአገሪቱ ከተከፈቱት መሰል ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነው። ዝናቡን፣ ጎርፉን፣ ጎርፉ ይዞት የሚሄደውን አፈር መለካት ነበር ሥራቸው። የወሎ ተዳፋት የሚለካ ጉዳይ መሆኑን ብዙዎቻችን የተማርነው ከዚያ ነው።

አሁን አንቺም ለኪ። «ሐይቅ ማዶ» ያለው በተራ የማንሳት ዘዴ እውነት ነው፤ አርሶ አደሮቻችን የሚያውቁት ነው። የሚሠራው ግን መሬቱ ደልዳላ ሲሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተዳፋቱን እወቂ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የክር ውሃ ልክ ግዢ፤ ትንሽ ነገር ናት። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አዘጋጂ፤ ሁለት ሁለት ሜትር ቢሆኑ ይመረጣል። በመሃላቸው 5 ሜትር ክር ወጥሪ፤ ውሃ ልኩን ክሩ መሃል ላይ አንጠልጥዪ። አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከታች ይቁም። ከታች ያለው ክሩን እንጨቱ ጫፍ ላይ ይያዝ፤ ከላይ ያለው አረፋዋ መሃል እስክትገባ ድረስ በራሱ እንጨት ላይ ክሩን ዝቅ ያድርግ። ዝቅ ያደረገው ያህል ነው መሬቱ የወረደው። በ5 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 20 በመቶ ነው።

በ20 በመቶ ተዳፋት ላይ በሁለት እርከኖች መሃል ያለውን የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ተኩል ያህል እናደርገዋለን። ማሳው ላይ ሲለካ 7 ሜትር ተኩል ርቀት ይሆናል። አንዱን ካነሳችሁት ውሃው ሳይቆም 15 ሜትር ይሮጣል፤ ከፍታውም 3 ሜትር ይሆናል። እስከ ታችኛው እርከን ሲደርስ ጉልበት ያበጃል፤ እሱንም ይዞት ይሄዳል። ብዙ ቦታ ያየሁት ቦረቦር አጀማመሩ እንዲህ ነው። አንድ እርከን ተነሳ፣ ከታች ያለው በራሱ ጊዜ ተደረመሰ፣ ከዚያ ውሃው መንገዱን ለመደ።

ደግሞ ተዳፋቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ የምክር ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለው መሬት በጠረጴዛማ እርከን (መሬቱን እንደ ደረጃ በሚያደላድል) ካልሆነ እንዳይታረስ፣ ከ60 በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ደንግጎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም የመሬቱ ጠባይ አልተለወጠም።

አሁን ወደ ሰውየው ሦስት ምክንያቶች ልምጣ፤ መልስ ሊሰጣቸው የሚገባ ናቸውና።

አይጥ። እውነት ነው፤ ባዶ ክፍተት ያለበት ካብ የአይጥ ቤት ነው። መፍትሔው ግን ካቡን በደረቅ ወራት እየከፈሉ አንስቶ በደንብ መልሶ መካብ ነው። መሠረቱን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ትልልቁን ድንጋይ ከታች አስቀምጡ። መሃሉን በጠጠር ሙሉት። ከላይ በኩል ያለውን ፊት አፈር ጠቅጥቁበት። የማሽላ አገዳ እርከኑ ላይ አትከምሩ፤ አይጥ የሚወደው እሱን ነው። ጎረቤትም አብሮ ካልሠራ ዋጋ የለውም፤ ከእናንተ የተባረረው እነሱ ዘንድ ከርሞ ይመለሳል።

በሬ ማዞሩ። በየ50 ሜትሩ መተላለፊያ ክፍተት ይተው። ክፍተቶቹ ግን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር አይሁኑ፤ የውሃ መንገድ ይሆናሉ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ።

መሬት መያዙ። ይህ ትልቁ ነው፤ ባለሙያዎች ደግሞ አቅልለን የምናልፈው። እርከኑ ከነመሠረቱ 1 ሜትር ቢይዝና በየ7 ሜትር ተኩሉ አንድ ቢኖር፣ ከመሬቱ 13 በመቶ ያህሉ ሄደ። ለሁለት ጥማድ ባለቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ነው እርከን ድንጋይ ብቻ ሆኖ መቅረት የሌለበት። ራሱን መመገብ አለበት። ጫፉ ላይ ሳር ወይም መኖ ካልበቀለበት፣ ገበሬው በየዓመቱ እያየው «ይህ ቦታ ጤፍ ቢሆን ኖሮ» ይላል። እኔም ብሆን እላለሁ። በኮምቦልቻ አካባቢ ከፍታ ዝሆኔ ሳር፣ ሳስፓኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ፣ የርግብ አተር ሁሉም ይሆናሉ። የርግብ አተር ሰውም ይበላዋል፣ ከብትም ይበላዋል፣ ግንዱ ማገዶ ይሆናል። ማገዶ ሲገኝ ደግሞ ኩበቱ ወደ ማሳ የመመለስ ዕድል ያገኛል። ቬቲቨር ሳር አፈር በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ለመኖ ግን ያን ያህል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ ድንጋይ ተሸክማ የሠራችው እርከን እስከ ዛሬ መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ጊዜ በወሎ ስንትና ስንት እርከን ፈረሰ፣ የተከለሉ ተራሮች ተጨፈጨፉ። ሰዉ ከቀበሌው ትእዛዝ ጋር ሥራውንም አብሮ ጣለው። በግዳጅ የተሠራ ነገር ዕጣው ያ ነው። የእናንተ ግን ቆሟል። አንድ ሰው ሲጠግነው ኖሯል ማለት ነው። አባትሽ ይመስለኛል።

---

ጦሳ ሥር

የቀደመው ወንድሜ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከደጋው በኩል ትንሽ ልጨምር፤ ደሴ ዙሪያ ነው መሬታችን፤ ገብስና ባቄላ።

እኛ ዘንድ ችግሩ ሌላ ነበር። የዘመቻ ሰዎች መጥተው እርከኑን ሁሉ ወደ ጎን ሳያዘነብል ደልዳላ አድርገው ሠሩት። መሬታችን መረሬ ነው፤ ውሃ አያሰርግም። ክረምቱ ሲበረታ ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ተኛ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሰዉ ያን ጊዜ በየቦታው እየነደለ ውሃውን ለቀቀው፤ የተነደለው ሁሉ ቦይ ሆነ። በኋላ የገባን፣ ውሃ በሚበዛበት ደጋ እርከኑ ወደ ጎን በጣም በትንሹ ማዘንበል አለበት። በ100 ሜትር ከ1 ሜትር አይበልጥም። ውሃው ቀስ እያለ ሄዶ ሳር በለበሰ ማስወገጃ ይወርዳል። ለእናንተ ለወይና ደጋውና ለቆላው ግን ደልዳላው ነው የሚሻለው፤ እያንዳንዷ ጠብታ ታስፈልጋችኋለች። ስለዚህ አንዱ ወረዳ የሠራውን ሌላው እንዳለ አይቅዳ።

ሳሩን በሚመለከት እኔ ምስክር ነኝ። ዴሾ ሳር ነው የተከልነው፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ትሪሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ። በልግ ሲቀር ገብሱ ይቀራል፤ ዴሾው ግን አይቀርም። በልግ በጠፋ ዓመት እናቴ ያልሸጠቻት አንዲት ላም አለች፤ ያቺን ላም ያቆያት ከእርከኑ ጫፍ የታጨደ ሳር ነው። ወተቷን ጠጥተን ነው የከረምነው። አሁን ደግሞ በግ አደልባለሁ። ለዐረፋም ለፋሲካም ደሴ ገበያ ይወስደዋል።

ግን አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ልቅ ግጦሽ። አዝመራ እንደተነሳ የመንደሩ ከብት ሁሉ ማሳ ይገባል። ድንጋዩን ይንደዋል፣ ሳሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። አንቺ ብቻሽን ሳር ብትተክዪ ለመንደሩ ከብት ነው የተከልሽው። እኛ መንደር ነገሩን የፈታው ቅሬው፣ ማለት እድሩ ነው። ሽማግሌዎቹ ቅሬ ላይ ተነጋግረው «እርከን ላይ ከብት የለቀቀ ይቀጣል» አሉ። ቅጣቱ ብዙ አይደለም። ግን ቀብርሽን የሚቀብርልሽ ቅሬ ያለውን ማን ይጥሳል? ቀበሌ ሲናገር ያልሰማ ሁሉ ለቅሬው ሰማ። የናንተም ቅሬ ዳኛ ዘንድ እናትሽ ሄዳ ትንገር። የሷ ቃል ከኔና ካንቺ ይልቅ ይሰማል።

---

ቦርከና ዳር

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። መሬት የለኝም፤ ግን ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከተኛል።

ከላይ የሚፈርሰው እርከን እኛ በር ላይ ነው የሚያርፈው። ክረምት ሲገባ ድንጋዩም አሸዋውም ይወርዳል፤ የውሃ መውረጃው ይደፈናል፤ ጎርፉ ቤት ይገባል። ሰፈራችን በየዓመቱ ገንዘብ እያዋጣ ቦይ ያስጠርጋል። የምንጠርገው የናንተን ማሳ ነው። ይህን ለወቀሳ አላልኩትም። የጎፍ ተራራ ላይ ደኑ ካለበት በኩል የሚወርደውንና ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደውን ውሃ አንድ ቀን ቆማችሁ እዩት። ሁለተኛው እንደ ሻይ በወተት ነው። ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔን የሚቆጨኝ፣ ከታች ላለው ቦይና ግንብ ገንዘብ ይገኛል፤ ከላይ ድንጋይ ለሚክበው ገበሬ ግን «በነፃ ጉልበትህ ሥራ» ነው የሚባለው። ገበሬው ለራሱ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ለኛም ነው። እናትሽ አዝመራ እንዳታጣ፣ እኛም ጎርፍ እንዳይገባን ያደረገችው ያቺ እርከኗ ናት። እህቴ፣ እባክሽ እንዳታስፈርሺው።

---

ሐይቅ ማዶ

የልማት ሠራተኛው ስለ ተዳፋቱ ያነሳው ነገር ገብቶኛል። የአባቴ መሬት ወደ ሐይቁ የወረደው ደልዳላው ነው፤ አምስትም ስድስትም በመቶ ቢሆን ነው። 20 ከሆነ እኔም ይነሳ አልልም። ለኪው እህቴ፤ በዓይን አይገመትም።

---

የካሉዋ ልጅ

አላህ ይስጣችሁ። ሁላችሁንም።

ለካን። ከጎረቤት ልጅ ጋር ክር ይዘን ላይ ታች ስንል እናቴ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ታየን ነበር። ከላይኛው በኩል 22 በመቶ ወጣ፤ ታችኛው ቀለል ይላል፣ 14 ነው። ስለዚህ የላይኛዎቹ እንደማይነኩ ተወስኗል።

ከሰውየው ጋርም ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን አወራን። እናቴ ናት የጀመረችው። «ይህን ድንጋይ ሳንክብ የሰው እህል እየጠበቅን ነበር፤ ስንዴው ካልመጣ አንበላም ነበር። አሁን የራሳችንን እንበላለን» አለችው። እሱም ብዙ አልተከራከረም። የመለሰው ግን ልቤን ነካው። «እኔ ዘንድሮ ካብ ስክብ ከርሜ፣ ለከርሞ መሬቱን ለሌላ ብትሰጡትስ? ሳሩ ሲደርስ ማን ያጭደዋል?» አለ። ምን ልመልስለት? ልክ ነው እኮ። አብሮን የኖረ ሰው ይህን የሚሰጋ ከሆነ፣ እኛ ነን ቃላችንን ግልጽ ማድረግ ያለብን።

ስለዚህ አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ውሉን ምን ብለን እንጻፈው? ሳሩንስ መቼ ነው የሚተከለው?

---

የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

አብሽሪ፤ ከባዱን ጨርሰሻል።

ውሉን በቃል አታድርጉት። ቢያንስ ለ5 ዓመት ይሁን፤ በጽሑፍ፣ በምስክር፣ መሬት አስተዳደር ዘንድ የተመዘገበ። ውስጡ ሦስት ነገር ይግባ። አንደኛ፣ እርከኑን መጠገን የሱ ሥራ ነው፤ የላይኛዎቹን ግን ያለ እናትሽ ፈቃድ አይነካም። ሁለተኛ፣ እርከኑ ላይ የሚበቅለው ሳርና መኖ የሱ ነው፤ እኩል አይካፈሉትም። ይህን ለማለት እጃችሁ አይጠር። እናትሽ ሸክም ሳር ታጣለች፣ መሬቷን ግን ታተርፋለች። እሱም «ነገ የሌላ ይሆናል» ብሎ አይሰጋም። ሦስተኛ፣ ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ ለካበው ካብ የሚከፈለው የጉልበት ዋጋ አሁኑኑ ይጻፍ። ሲጣሉ ሳይሆን ሲስማሙ ነው ይህ የሚጻፈው።

14 በመቶ የሆነው የታችኛው ክፍል ላይ፣ አፈሩን የግድ ከፈለገው «ሐይቅ ማዶ» እንዳለው ያድርግ። አዲስ ይካብ፣ አንድ ክረምት ይለፍበት፣ ከዚያ አንዱን ያንሳ። አንዱን ብቻ። እስከዚያው ግን ሌላ መንገድ አለ። ከእርከኑ ጀርባ የተከማቸውን ደለል ከላይ ከላዩ እየዛቀ፣ ካቡን ሳይነካ፣ በቅርጫት ወደ ቀዩ መሬት ያውጣው። አድካሚ ነው፤ ግን ካቡም ይቀራል፣ አፈሩም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከኮምፖስት ጋር ቢቀላቅለው ጠጠራማው ቦታ ላይ ለውጡን ራሱ ያየዋል። ማሾም ዘንድሮ እዚያው ላይ ይሁን፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ለመሬቱም ናይትሮጅን ይተዋል።

ካቡ አሁን፣ ከጥር እስከ መጋቢት ይጠገን። ድንጋዩም ደረቅ ነው፣ ሰዉም እጁ ይፈታል። ዴሾና ዝሆኔ ሳር ክረምቱ ከያዘ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይተከል። ቀድማችሁ ከተከላችሁ የመጀመሪያዋ ዝናብ ታታልላችኋለች። በሁለት መስመር አድርጉት፤ አንዱ ተክል በሁለተኛው ክፍተት ትይዩ ይሁን። የርግብ አተሩን በዘር ዝሩት። በመጀመሪያው ዓመት ከብት ከቶ አይቅረበው፤ ማጨድም ሥር ከያዘ በኋላ ነው።

የሚተከለውን የሳር ቁራጭ ለማግኘት መጀመሪያ የወረዳውን ችግኝ ጣቢያ ጠይቂ። ከዚያ ካጣሽ ዴሾ የተከለ ጎረቤት ይሰጥሻል፤ አንዱ ነቀላ ተሰንጥቆ ብዙ ቁራጭ ይወጣዋል። ቅሬው ጉዳይ ላይ ደግሞ «ጦሳ ሥር» ያለችውን አትርሺ። ሳሩ ከመተከሉ በፊት ነው መነገር ያለበት።